የሆሊዉድ አዳዲስ ፊልሞች ንግግር አይሰማም፤ ጥፋቱ የማን ነው?

የመክፈቻው ጽሑፍ

ክሩን፣ ማለትም ይህን የኢንተርኔት ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ የከፈትኩትም በክስ ነው። ክሱን መጀመሪያ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ የመጡትን ምላሾች በየቁጥራቸው አወጋለሁ። ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ኦፐንሃይመር» በጁላይ 2023 ወጣ፤ በማርች 2024 ሰባት ኦስካር ወሰደ። ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ ዳይሬክተር፣ ምርጥ ተዋናይ፣ ሙዚቃውም ጭምር ተሸለመ። የድምፅ ሽልማቱ ግን ለ«ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት» ሄደ። ትክክለኛ ፍርድ ነው እላለሁ። 180 ደቂቃ የሚፈጅ፣ አብዛኛው ጊዜው ሰዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲከራከሩ የሚያልፍ ፊልም ተሠርቶ፣ የክርክሩ ቁልፍ ቃላት በቫዮሊን ሥር ሲቀበሩ ጥበብ ብዬ ልቀበለው አልችልም። የፊልሙ ዳይሬክተር ክሪስቶፈር ኖላን ተመልካቹን ንቋል። ንግግር የማይሰማበት ፊልም፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ግማሽ ሥራ ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ይህ የኖላን በሽታ ብቻ ነው ወይስ የሆሊዉድ ሁሉ? ሁለተኛ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው በእጁ ባለው ቲቪና ላፕቶፕ ምን ማድረግ ይችላል?

ቁጥር 1

የመጀመሪያው መላሽ ሰላምታውን አስቀድሞ በክሱ ተስማማ፤ እንዲያውም አጠናከረው። ነገሩ ከ«ኦፐንሃይመር» እንዳልጀመረ፣ በ2014ቱ «ኢንተርስቴላር» እና በ2020ው «ቴኔት» ላይም ተመሳሳይ ቅሬታ እንደተነሳ አስታወሰ። ኖላን ራሱ በ«ኢንተርስቴላር» ጊዜ ንግግሩን አንዳንድ ቦታ እንደ ድምፅ ኢፌክት እንደተጠቀመበት በይፋ መናገሩንም ጨመረ። ስለዚህ ስህተት ነው ከማለት ምርጫ ነው ማለት ይሻላል፤ ምርጫውን አለመውደድ ደግሞ መብታችን ነው ሲል ደመደመ።

ቁጥር 2

ይኸኛው አርሞ ነው የገባው። ሁሉንም በዳይሬክተሩ ትዕቢት ማሳበብ ስንፍና ነው አለ፤ ካሜራውን ተመልከቱ። የአይማክስ (የግዙፉ ሸራ) ፊልም ካሜራ 65 ሚሊሜትር ጥቅል ወደ ጎን ነው የሚስበው፤ ለአንድ ምስል በጥቅሉ ጠርዝ ካሉት መጎተቻ ቀዳዳዎች 15፣ በሰከንድ 24 ምስል። ሲሰላ በየሰከንዱ 1.7 ሜትር ያህል ፊልም በካሜራው ሆድ ውስጥ ያልፋል፤ ከተለመደው 35 ሚሊሜትር ካሜራ አራት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። ይህ ሁሉ እየቆመ እየተነሳ ሲጎተት የሚወጣው ድምፅ ከተዋናዩ ሹክሹክታ ይበልጣል። ማይኩ ሁለቱንም እኩል ይቀዳል።

ሌላው ዳይሬክተር እንዲህ ሲገጥመው ተዋናዩን ስቱዲዮ አስገብቶ ንግግሩን እንደገና ያስቀዳዋል። ኖላን ግን በዕለቱ የተቀዳውን ድምፅ መተው አይወድም፤ ትወናው ያለው እዚያ ነው ብሎ ያምናል። በዚህ ምክንያት በ«ኦፐንሃይመር» ላይ ለንግግር ትዕይንቶች ጸጥ ያለውን የፓናቪዥን 65 ካሜራ በስፋት እንደተጠቀሙ ቁጥር 2 አስረዳ። ንቋል የሚለውን ቃሌንም እንድመልስ ጠየቀኝ።

ቁጥር 3

እዚህ ላይ ነው ክሩ የጋለው። ሦስተኛው መላሽ ሰላም እንኳን ሳይል፣ ችግሩ ፊልሙ ሳይሆን የእኛ እንግሊዝኛ ነው አለ። ቋንቋውን ያልቻለ ሰው ስለ ሚክሲንግ (ስለ ድምፅ ቅልቅል) ማውራት እንደማይገባው፣ በትርጉም ፊልም ያደገ ጆሮ ዋናውን ሲሰማ መደናገሩ እንደማይቀር ጽፎ ወጣ። ሁለት መስመር ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጡ አራት ሰዎች ግን እሱን ሳያነሱ አላለፉም።

ቁጥር 4

አራተኛዋ በትዕግሥት መለሰችለት። አማዞን በ2023 ንግግርን ብቻ ከፍ የሚያደርግ «ዳያሎግ ቡስት» የሚባል ምርጫ በፕራይም ቪዲዮ ላይ አስገብቷል፤ አፕል በዚያው ዓመት በቲቪ መሣሪያው ላይ ተመሳሳይ ነገር ጨምሯል፤ ኔትፍሊክስ በኤፕሪል 2025 የበሩን መንኳኳትና የሙዚቃውን ዓይነት የማይጽፍ፣ ንግግርን ብቻ የሚያሳይ ሰብታይትል አቅርቧል። ይህ ሁሉ ለእኛ ተብሎ የተሠራ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ቋንቋው የእናታቸው የሆነ ሰዎች ስላልሰሙ ነው የተሠራው።

ግን ከቁጥር 3 ሐሳብ ውስጥ አንድ እውነት አንጥራ አወጣች፤ ክሩ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ እኔን የያዘኝ ይህ ነው። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው አንድ ተነባቢ ሲጠፋበት ከዐረፍተ ነገሩ አካሄድ ይሞላዋል። በሁለተኛ ቋንቋ የሚሰማ ሰው ግን ቃሉ ራሱ ካልደረሰው የሚሞላበት ነገር የለውም። ምሳሌዋ «ካን» እና «ካንት» ናቸው። አንዱ ይቻላል ነው፣ ሌላው አይቻልም። ልዩነታቸው መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ናት፤ አሜሪካዊ ተናጋሪ ደግሞ እሷን ምላሱ ላይ አስቀርቶ ይውጣታል። ከኋላ ከበሮ ሲመታ የቀረችው ጭላንጭል ትጠፋለች፤ ምስክሩ ካደ ወይስ አመነ የሚለው ይገለበጥብሃል። ስለዚህ መጥፎ ሚክሲንግ ሁሉንም ይጎዳል፤ እኛን ግን አብልጦ ይጎዳል። ቁጥር 3 ይህን እንደ ስድብ ተጠቀመበት፤ እሷ ወደ ክስነቱ መለሰችው።

ቁጥር 5

አምስተኛው የሲኒማ ቤት ማሽን ክፍልን ሥራ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ፊልሙ ላይ ከመፍረዳችን በፊት የታየበትን አዳራሽ እንድንጠይቅ መከረ። ፊልም ሲቀላቀል አዳራሹ የሚስተካከለው በመለኪያ ድምፅ ነው፤ ከፊት ያለው እያንዳንዱ ስፒከር ተመልካቹ ወንበር ላይ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) እንዲሰጥ ይደረጋል፤ በድምፅ ማቀነባበሪያው ላይ ይህ ቦታ ቁጥር 7 ይባላል። ዳይሬክተሩ ሹክሹክታውን የመጠነው በ7 ነው።

ሲኒማ ቤቶች ግን 7 ላይ አያሳዩም። ከፊልሙ በፊት የሚመጡት ማስታወቂያዎችና ትሬይለሮች ስለሚጮኹ ተመልካች ያማርራል፤ ሠራተኛው ወደ 5 ያወርደዋል፤ ዋናው ፊልም ሲጀምር ግን የሚመልሰው የለም። ከ4 በላይ እያንዳንዱ ቁጥር 3.3 ዴሲቤል ያህል ስለሆነ፣ 5 ማለት ከታሰበው ወደ 7 ዴሲቤል የወረደ ነው። ፍንዳታው ሲወርድ ፍንዳታ መሆኑን አይተውም፤ ሹክሹክታው ሲወርድ ግን አየር ማቀዝቀዣው ሥር ይገባል። ከ4 በታች ከወረደማ እያንዳንዱ ቁጥር 20 ዴሲቤል ስለሚቆርጥ ነገሩ ያበቃለታል።

ምክሩ አጭር ነበር። ከፊተኛው ረድፍ ሁለት ሦስተኛ ያህል ወደ ኋላ፣ መሐል ላይ ተቀመጡ፤ የጎን ስፒከር አጠገብ አትሁኑ። ንግግሩ ደካማ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ውጡና ለሠራተኛ ንገሩ፤ ፊልሙ ካለቀ በኋላ የሚቀርብ ቅሬታ ለሚቀጥለው ተመልካች እንኳን አይደርስም።

ቁጥር 6

ስድስተኛዋ ወደ ቁጥር 2 ተመለሰችና በካሜራ ጩኸት ማሳበቡን ውድቅ አደረገች። «ሲነርስ» በኤፕሪል 2025 የወጣው በአይማክስ 65 ሚሊሜትርና በአልትራ ፓናቪዥን 70 ተቀርጾ ነው። ያው የሚጮኸው ካሜራ እዚያም ነበር። የሙዚቃው ደራሲ እንኳን ያው የ«ኦፐንሃይመር»ው ሉድቪግ ጎራንሰን ነው። እሷ እንደምትለው ግን የራያን ኩግለር ፊልም ንግግሩ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ሙዚቃ ቤቱ ውስጥ ያለው ትልቁ የጭፈራ ትዕይንት ላይ እንኳን የሚነገረውና የሚዘፈነው ተለይቶ ይሰማል። የሚያስቸግረው የ1932ቱ ሚሲሲፒ አነጋገር ነው፤ እሱ ደግሞ ገጸ ባሕርዩ ራሱ ስለሆነ መነካት የለበትም። በአንድ ዓይነት ካሜራ ሁለት ዓይነት ውጤት ከመጣ፣ ልዩነቱን ያመጣው ማሽኑ አይደለም አለች።

በፍርዷ እስማማለሁ፤ ለክሩ ትልቅ ጥቅም የሰጠ ምላሽ ነው።

ቁጥር 7

ቁጥር 2 ተመልሶ መጣ፤ ለስለስ ብሎም ነበር። ካሜራ ሲጮኽ መውጫው አንድ ብቻ እንዳልሆነ አመነ። ቀረጻው እንዳለቀ ካሜራውን አጥፍቶ፣ ተዋናዮቹ እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው ማይክ፣ ስሜቱ ሳይበርድ ንግግሩን ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲሉት ማድረግ ይቻላል። በኋላ አርታኢው ያንን ድምፅ ከከንፈሩ ጋር ያገጥመዋል። የክፍሉ አየር አንድ ስለሆነ ስቱዲዮ ከተቀዳው ይልቅ ተፈጥሯዊ ነው። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ ረዳት ዳይሬክተሩ ሰዓት አልቋል ብሎ ሲከለክል፣ ወይም ተዋናዩ ፍጥነቱን ሲቀይር።

ሌላም ምክንያት ጨመረ። ዛሬ አንድ ትዕይንት በሁለትና በሦስት ካሜራ፣ ከሩቅና ከቅርብ እኩል ይቀረጻል። የሩቁ ካሜራ ሰፊውን ስለሚያይ በዘንግ የሚያዘው ማይክ ፍሬም ውስጥ እንዳይገባ ወደ ላይ ይሸሻል። ያኔ የሚቀረው ልብስ ሥር የተሰካው ትንሹ ማይክ ነው። እሱ ደግሞ በጨርቅ ተሸፍኖ የ«ሰ»ን እና የ«ፈ»ን ጥራት ያጣል፤ ተዋናዩ ሲንቀሳቀስ ይንኮሻኮሻል። ለቅርብ ምስሉ ብቻ ተለይቶ ቢቀረጽ ማይኩ ከአፉ ግማሽ ሜትር ላይ መሆን ይችል ነበር።

ቁጥር 8

ስምንተኛው በአጭሩ «ዱን፦ ክፍል ሁለት»ን ጠቀሰ። በማርች 2024 ወጣ፣ በ2025 የድምፅ ኦስካሩን ወሰደ፣ ከማንም በላይ ይጮኻል፣ ግን ይሰማል። በእሱ አስተያየት ምስጢሩ ሰው ሲናገር ሙዚቃው ወደ ኋላ መሸሹ ነው። የመኪና እሽቅድምድም ፊልሙን «ኤፍ ዋን»ንም አነሳ። ሞተሩ ሲያገሣ የሾፌሩ ንግግር የሚሰማን በራስ ቁሩ ሬዲዮ ስለሚመጣ ነው፤ የሬዲዮ ድምፅ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ተቆርጦ መካከለኛው ብቻ ስለሚቀረው፣ የሞተሩ ጉርምርምታ በሌለበት ቦታ ቆሞ ይሰማል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የምታስረዳ ናት።

ቁጥር 9

የሁለተኛው ጥያቄዬ መልስ እዚህ መጣ። ዘጠነኛው መላሽ ረጅም ጽፏል፤ ረጅም መሆንም ነበረበት።

ነገሩን ከሥሩ ጀመረው። ለቤት የሚመጣው ፊልም ብዙውን ጊዜ ባለ 5.1 ድምፅ ነው፤ ሦስት ከፊት፣ ሁለት ከጎን፣ አንድ ለጎርናናው። ንግግሩ ከሞላ ጎደል ሁሉ ያለው መሐለኛው ላይ ነው። ቲቪህ ግን ሁለት ስፒከር ብቻ ነው ያለው፤ እነሱም ወደ ታች ወይም ወደ ግድግዳ ዞረዋል። ስለዚህ ቲቪው ስድስቱን ወደ ሁለት ያጥፋቸዋል። መሐለኛውን በ3 ዴሲቤል ዝቅ አድርጎ ለግራና ለቀኝ ያካፍለዋል፤ የጎኖቹንም እንዲሁ ይደርባል፤ ጎርናናውን ይጥለዋል። ሲኒማ ቤት ውስጥ ብቻውን ከመሐል ይመጣ የነበረ ንግግር አሁን ከሙዚቃውና ከፍንዳታው ጋር በአንድ ጉሮሮ ይወጣል። ጆሮ በአቅጣጫ መለየት አይችልም፤ ይምታታል።

ሁለተኛው ምክንያት ስፋቱ ነው። ኔትፍሊክስ የሚቀበለው ፊልም የንግግሩ አማካይ ከጣሪያው፣ ማለትም ድምፁ ሊደርስ ከሚችለው የመጨረሻ ከፍታ፣ 27 ዴሲቤል በታች ላይ እንዲለካ ይጠይቃል፤ ፍንዳታው ግን ከጣሪያው 2 በታች ድረስ መውጣት ይፈቀድለታል። በመካከላቸው 25 ዴሲቤል አለ። ሪሞቱን ይዘን ከፍ ዝቅ የምናደርገው በዚህ 25 ውስጥ ነው።

ከዚያ ወደ መፍትሔው ገባ። በመጀመሪያ ፊልሙ እየሄደ የድምፅና የሰብታይትል ምልክቱን ከፍታችሁ፣ እንግሊዝኛ 5.1 የሚለው ተመርጦ ከሆነ 5.1 የሌለበትን እንግሊዝኛ ምረጡ። ያኛው ለሁለት ስፒከር ታስቦ የተዘጋጀ ስለሆነ ቲቪው በራሱ ከሚያጥፈው ይሻላል። ቀጥሎ ቲቪው ሴቲንግ ውስጥ የድምፅ ዓይነቱ ላይ «ሲኒማ» ወይም «ሰራውንድ» ካለ አጥፉት፤ ንግግሩን ወደ ጎን ይበትነዋል። ንግግርን የሚያጎላውን ምረጡ፤ ሳምሰንግ ላይ «አምፕሊፋይ»፣ ኤልጂ ላይ «ክሊር ቮይስ»፣ ሶኒ ላይ «ቮይስ ዙም» ይባላል። «ናይት ሞድ» ካለ ደግሞ ክፈቱት፤ ከላይና ከታች ያለውን ስፋት የሚያጠበው እሱ ነው።

ኢኳላይዘር (ጎርናናውንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚያስተካክል) ያለው ሰው ከ100 እስከ 250 ኸርዝ ያለውን 3 ወይም 4 ዴሲቤል ይቀንስ፤ ከ2,000 እስከ 4,000 ያለውን በ2 ወይም በ3 ይጨምር። ተነባቢዎቹ የሚኖሩት እዚያ ላይኛው ሠፈር ነው። ከዚህ በላይ ከተጨመረ «ሰ» ሁሉ እንደ እባብ ትፉጫለች።

ሳውንድባር (ቲቪ ሥር የሚቀመጥ ረጅም ስፒከር) ለሚገዛም አንድ ማስጠንቀቂያ አለው። ባለ 2.0 ወይም 2.1 ሳውንድባር መሐለኛ ስፒከር የለውም፤ ጎርናናውን ያሻሽላል እንጂ ንግግሩን አያወጣም። 3.1 የሚል ይፈለግ። ከዚያም ቲቪው የዲጂታል ድምፅ መውጫ ላይ «ፒሲኤም» ከተቀመጠ ብዙ ቲቪዎች ሁለት ቻናል ብቻ ስለሚልኩ፣ የተገዛው መሐለኛ ስፒከር የራሱ ድምፅ አይደርሰውም። «ቢትስትሪም» ወይም «አውቶ» ይደረግ። ከዚያ የመሐለኛውን ከፍታ ከ2 እስከ 4 ዴሲቤል ይጨምሩ፤ ከ6 ካለፈ ድምፁ ከተዋናዩ አፍ ተለይቶ ከቲቪው በታች ሌላ ሰው ያለ ይመስላል።

ቁጥር 10 እና 11

አሥረኛዋ ላፕቶፕ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ጻፈች። ቪኤልሲ በሚባለው ፊልም ማጫወቻ ላይ ቱልስ፣ ከዚያ ኢፌክትስ ኤንድ ፊልተርስ፣ ከዚያ ኦዲዮ ሥር ኮምፕረሰር የሚል አለ፤ የሚጮኸውን ድምፅ የሚያፍን ነው። አብሩት፤ አታክ (ለማፈን የሚወስደው ጊዜ) 50 ሚሊሰከንድ፣ ሪሊስ (ለመልቀቅ የሚወስደው) 300፣ ትሬሾልድ (ማፈን የሚጀምርበት መስመር) ከዜሮ በታች 20፣ ሬሾ (የማፈኑ ብርታት) 20፣ ሜክአፕ (ከታፈነ በኋላ የሚጨመረው ከፍታ) 12 አድርጉት አለች።

ቁጥር 11 ከሬሾው በቀር ተስማማ። 20 ማለት ግንብ ነው፤ ከተሰመረው መስመር ያለፈውን ሁሉ ይደፈጥጣል። ፊልሙ ሙሉ አንድ ከፍታ ላይ ይቆማል፤ ሰው ሲጮህም ሲያንሾካሹክም እኩል ይሆናል። 4 በቂ ነው፤ ሜክአፑም ከ6 እስከ 8። ሪሊሱን ከ100 በታች ማውረድ ደግሞ ድምፁን እንደ ሳንባ ያስተነፍሰዋል፤ ከበሮ በተመታ ቁጥር ንግግሩ ይሰምጥና ተመልሶ ይነሳል። የድምፁን መጠን ከ100 ፐርሰንት በላይ መግፋት ግን ምንም አይጠቅምም፤ ጫፉን ቆርጦ ያንኮራኩረዋል፤ የላፕቶፕ ትንሽ ስፒከር በዚህ ይቀደዳል። ቁጥር 10 ተቀበለች፤ ክሩ ውስጥ ካሉት እርምቶች ሁሉ በመልካም ፊት የተስተናገደው ይህ ነው።

ቁጥር 12 እና 13

እዚህ ነገሩ ወደ ሌላ ዞረ። አሥራ ሁለተኛው፣ ንግግር ካነሳን የ«ዘ ብሩታሊስት»ን ጉዳይ ለምን ዝም እንላለን አለ። የፊልሙ አርታኢ በጃንዋሪ 2025 እንደተናገረው፣ የኤድሪያን ብሮዲና የፌሊሲቲ ጆንስ የሃንጋሪኛ ንግግር በሬስፒቸር የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተስተካክሏል። ብሮዲ በኋላ በምርጥ ተዋናይነት ኦስካር ወሰደ። በማሽን የተቃና አንደበት መሸለሙ አግባብ አይደለም ሲል ጻፈ።

ቁጥር 13 በትሕትና፣ አንቱ እያለ ነበር የጀመረው። ዳይሬክተሩ ብራዲ ኮርቤት እንግሊዝኛው ምንም እንዳልተነካ፣ የተስተካከለው የሃንጋሪኛው አናባቢና ተነባቢ ብቻ እንደሆነ መግለጹን አስታወሰ። ከንግግሩ አብዛኛው እንግሊዝኛ ስለሆነ ሽልማቱ ላይ ጥላ አይጥልም አለ። ቁጥር 12 ለትንሽ ውሸት ትንሽ ይቅርታ የለም ብሎ ሲመልስ ግን አንቱታው ቀረ፤ አንተ ፊልሙን አላየኸውም፣ ርዕሱን አንብበህ ነው የምትፈርደው እስከ ማለት ደረሰ። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። የክሩን ጉዳይ አንድ እርምጃ ስላላራመደው እዚህ አልዘረዝረውም።

ቁጥር 14

ይኸኛው ድምፁን ትቶ ሥዕሉን ከሰሰ፤ አዳዲሶቹ ፊልሞች ይጨልማሉ አለ። ምክንያቱን ግን በሚገባ አስቀመጠ። የሲኒማ ሸራ መድረስ ያለበት ብርሃን በካሬ ሜትር 48 ካንዴላ ነው። የዜኖን አምፖል ሲያረጅ ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ዋጋው ውድ ስለሆነ እስኪፈነዳ ድረስ የሚያሠሩት አሉ። ከዚህ የባሰው የስሪዲው ማጣሪያ መስታወት ነው፤ ስሪዲ ከታየ በኋላ ሳይነሳ ከቀረ ተራው ፊልም ከግማሽ በታች ብርሃን ይዞ ይወጣል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ነጭ ሸሚዝ ግራጫ ከመሰለ ለሠራተኛው ይነገር። ኦስካር የወሰደ ቀራጭን ከመውቀሳችን በፊት መስታወቱ ይነሳ።

ቁጥር 15

አሥራ አምስተኛዋ ወደ እኛ ቤት አመጣችው። እንግሊዝኛውን በደንብ ለማይሰሙ አባትና እናት የአማርኛ ሰብታይትል የሚያዘጋጅ ሰው በክሩ ውስጥ ካለ ብላ፣ ፊደሉ ለምን አራት ማዕዘን ሳጥን እየሆነ እንደሚወጣ አስረዳች። ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ፋይሉ የግዕዝ ፊደልን በሚይዘው የጽሑፍ ኮድ በዩቲኤፍ 8 ካልተቀመጠ ፊደሉ ወደ ጥያቄ ምልክትና ወደ ባዕድ ምልክት ይቀየራል፤ ኖትፓድ ላይ ሴቭ አዝ ሲባል ከታች ኢንኮዲንግ የሚለው ላይ ይመረጣል። ፋይሉ ትክክል ሆኖ ሳጥን ብቻ ከታየ ግን ችግሩ ቲቪው የግዕዝ ፎንት ስለሌለው ነው። ፍላሽ ቀይሮ መሞከር አይፈታውም። ላፕቶፕ ላይ ቪኤልሲ ውስጥ ፎንቱን ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ማድረግ፤ ለቲቪ ደግሞ በሃንድብሬክ (ቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም) ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትሞ ማውጣት ነው።

ስለ አጻጻፉም ያለችው ልብ የሚባል ነው። በእንግሊዝኛ አንድ መስመር እስከ 42 ፊደል ይፈቀዳል፤ የእኛ ፊደል ግን ተነባቢና አናባቢውን በአንድ ስለሚይዝ ያን ያህል አያስፈልገውም። «አልሰማሁም» 6 ፊደል ነው፤ የእንግሊዝኛው አቻ ከነክፍተቱ 14 ቦታ ይይዛል። በአንድ መስመር ከ28 እስከ 30 ፊደል ይበቃል፤ ከሁለት መስመር አይለፍ። ዋናው ጥንቃቄ ግሡ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ግሡን መሐል ላይ ያወጣዋል፤ አማርኛ መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። አንድ ዐረፍተ ነገር ለሁለት ሰብታይትል ከተከፈለ፣ ተዋናዩ ገደልኩት ብሎ ፊቱ ተለዋውጦ ሳለ የእኛ ተመልካች ገና ማንን የሚለው ላይ ነው። ስለዚህ አሳጥሩ እንጂ አትክፈሉ።

ቁጥር 16

ለቁጥር 15 ማሟያ ሰጠ። ሰብታይትሉ መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እየቆየ የሚሸሽ ከሆነ፣ ቪኤልሲ ላይ ጂ እና ኤች ቁልፎችን መጫን ከንቱ ነው። እነሱ በአንድ ጊዜ 50 ሚሊሰከንድ ሙሉውን ፋይል ይገፋሉ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ እኩል ለዘገየ ብቻ ይሠራሉ። እየቆየ የሚሸሽ ከሆነ ፊልሙ በሰከንድ 23.976 ምስል ሆኖ ሰብታይትሉ ለ25 የተሠራ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ልዩነቱ ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይደርሳል። ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ፕሮግራም ፍሬም ሬት መቀየር የሚለውን ከፍቶ ከ25 ወደ 23.976 ማድረግ ብቻ ነው።

ቁጥር 17

ይኸኛው ሰብታይትል ማንበብ ዓይንን ከተዋናዩ ፊት ይነጥቃል፤ ቃና ከ2016 ጀምሮ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ሲያናግር እንዳደረገው ሆሊዉዱም ይዳብብ አለ። መልስ የሰጠችው ያችው ቁጥር 4 ናት። ለዳቢንግ ከንግግሩ የተለየ የሙዚቃና የኢፌክት ትራክ ከባለቤቱ መገኘት አለበት። ያ ከሌለ ንግግሩ ሲወጣ የእግር ኮቴው፣ የበሩ ድምፅ፣ የብርጭቆው ቅጭልታ አብሮ ይወጣል፤ ሁሉም እንደገና መሠራት ይኖርበታል። ለዚህ ነው በየቪዲዮ ቤቱ የለመድነው የትርጉም ፊልም አንድ ተራኪ ከላይ እየተናገረ ዋናውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርገው። ታሪኩን ያደርሳል፤ ትወናውን ግን አያደርስም። ቁጥር 3ም በዚህ ጊዜ ተመልሶ ከእሷ ጋር መስማማቱን ጻፈ፤ ቀድሞ ያለውን ግን አላነሳም።

ቁጥር 18

ይህ የእኔ ነው። ንቋል የሚለውን ቃል መልሻለሁ፤ ቁጥር 2 ልክ ነው፤ ሰውየው የተዋናዩን የዕለት ድምፅ ለማዳን ዋጋ የከፈለ እንጂ ግድ የሌለው አይደለም። የቀረውን ክሴን ግን ወደ ሌላ አዙሬዋለሁ። ለሲኒማ ቤት የተቀላቀለው ድምፅ የዳይሬክተሩ ነው፤ እዚያ እንደፈለገ ያድርግ። ለቤት የሚላከው ግን ሌላ ሥራ ነው። ትልቁ ስቱዲዮ በብዙ ሚሊዮን ዶላር ፊልም ሠርቶ፣ ለባለ ሁለት ስፒከር ቲቪ የሚሆነውን ቅልቅል ሰው ጆሮውን ሰጥቶ እንዲያዘጋጀው የጥቂት ቀን ደመወዝ መክፈል አይከብደውም። ብዙ ሰው ፊልሙን የሚያየው በዚያ ቲቪ ነው። ከዚያ ብዙ ሰው ውስጥ ደግሞ እንግሊዝኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚሰማው ስንት እንደሆነ ያስቡት። የ«ካን» እና የ«ካንት» ጉዳይ ለእነሱ ቅንጦት አይደለም።

ቁጥር 19

የመጨረሻው የቁጥር 2 ነበር። እሱ በጻፈበት ጊዜ የኖላን ቀጣዩ ፊልም «ዘ ኦዲሲ» ለጁላይ 2026 ተይዞ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ በአይማክስ ፊልም ካሜራ የተቀረጸ ነው። ይህ ሊሆን የቻለው ካሜራውን የሚያፍን አዲስ ሽፋን ተሠርቶ ተዋናይ አጠገብ ቆሞ ሹክሹክታ መቅዳት ስለተቻለ ነው። እንዲህ ከሆነ የካሜራው ምክንያት ከእንግዲህ አይሠራም፤ ንግግሩ በዚያ ፊልም ላይም ካልተሰማ በክሱ ላይ እኔም እፈርማለሁ ብሎ ጻፈ። እስካሁን ከእሱ በታች የጻፈ የለም።